ሮምን ከጀርባዋ፦ የአምስት ቀን የጉዞ ማስታወሻ

ሮም ስመጣ ይህ ሦስተኛዬ ነው። በመጀመሪያው ኮሎሲየምን አየሁ፣ በሁለተኛው የትሬቪን ምንጭ። ሁለቱም ውብ ናቸው። ግፊያውና ሰልፉ ግን ልቤን አደከመው። ዘንድሮ በጥቅምት ከእህቴ ጋር ስንቀጣጠር አንድ ነገር ተስማማን። ሰው የሚጋፋበት ቦታ አንሄድም። ሮምን ከጀርባዋ ነው የምናያት።

እህቴ ሚላን ከገባች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ጣሊያንኛውን ታንበለብለዋለች። እኔ ከአዲስ አበባ በረርኩ፣ እሷ በባቡር መጣች። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቀን አንድ፦ ተርሚኒ

ተርሚኒ የሮም ትልቁ ባቡር ጣቢያ ነው። መንገደኛው ሁሉ ሻንጣውን እየጎተተ ይጣደፋል። ፊት ለፊት ያለውን ሰፊ አደባባይ ስሙን ቆሞ የሚያነብ ሰው አላየሁም። ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ ይባላል፤ "የአምስት መቶዎቹ አደባባይ" ማለት ነው። አምስት መቶዎቹ እነማን ናቸው? ጃንዋሪ 26 ቀን 1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የተደመሰሱት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። እህቴ ይህን ስትነግረኝ ሻንጣዬን እንደያዝኩ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ሁለት ጊዜ በዚህ አደባባይ አልፌ ነበር፤ አላወቅኩም።

ከጣቢያው ጥቂት ደቂቃ በእግር ሄዳችሁ፣ የዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያ ቤት ፍርስራሽ አጠገብ አንዲት ትንሽ የአትክልት ቦታ ታገኛላችሁ። አዎ፣ በስንክሳር የምናውቀው ያው ዲዮቅልጥያኖስ ነው። ከዛፎቹ መሃል ቀጭን የግብፅ ሐውልት ቆሟል። ድንጋዩ የፈርዖን ዳግማዊ ራምሴስ ነው። በ1883 ሮም ውስጥ ከመሬት ተቆፍሮ ወጣ፤ ከአራት ዓመት በኋላ የዶጋሊ ሙታን መታሰቢያ ተደረገ። ግርጌው ላይ የሟቾቹ ስም ሰፍሯል።

እዚህ ሐውልት ሥር ሌላም ታሪክ አለ። ጣሊያን አዲስ አበባን ስትይዝ የለገሃሩን የይሁዳ አንበሳ ነቅላ አምጥታ ያቆመችው እዚህ ነበር። ጁን 15 ቀን 1938 ዘርዓይ ደረስ የሚባል ኤርትራዊ ወጣት አንበሳውን አየና ፊቱ ተንበረከከ። ሊያስነሱት ሲሞክሩ ጎራዴውን መዘዘ። ከዚያ በኋላ ወደ አገሩ አልተመለሰም። በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተዘግቶበት በ1945 እዚያው ጣሊያን አረፈ። አንበሳው ግን በ1960ዎቹ ተመልሶ ለገሃር ቆመ። ስለ ዘርዓይ በልጅነታችን ብዙ ሰምተናል። ቦታው ላይ መቆም ግን ሌላ ነው። አግዳሚ ወንበሩ ላይ አንድ ወጣት ሳንድዊቹን ይበላል፣ ርግቦች እግሩ ሥር ይለቅማሉ፣ እኔ የምፈልገው አንዳች ምልክት የለም።

ማታ እዚያው ሰፈር ሐበሻ ምግብ ቤት ገብተን ሽሮ አዘዝን። ከጎናችን ብቻቸውን ቡና የሚጠጡ እናት ነበሩ። "ከአገር ቤት ነህ የኔ ልጅ?" አሉኝ። ሮም የገቡት በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ በሰው ቤት ሊሠሩ ነው። ዕረፍታቸው ሐሙስ ከሰዓትና እሁድ ብቻ ነበር። "ያኔ እንዲህ እንደ ዛሬው ስልክ የለ። ሐሙስ ከሰዓት ተርሚኒ መጥተህ ከቆምክ የአገርህን ሰው ታገኛለህ" አሉ። የት የት እንደምንሄድ ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙና "አክሱሙ የነበረበትንስ ታዩታላችሁ?" ብለው ጠየቁኝ። ለእናታቸው የላኩት የመጀመሪያው ፎቶ ሐውልቱ ሥር የተነሱት ነው። "የሄደ ዕለት እልል ብያለሁ። ማታ ቤቴ ስገባ ደግሞ አለቀስኩ" አሉ።

ለመጨረሻው ቀን ያዝነው።

ቀን ሁለት፦ የገል ተራራ

ከንጋቱ አንድ ሰዓት ላይ አቨንቲኖ ኮረብታ ወጣን። እዚያ የማልታ ባላባቶች ማኅበር ግቢ አለ። በሩ ላይ ባለችው የቁልፍ ቀዳዳ አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስታዩ፣ በሁለት ረድፍ የተከረከመ ዛፍ መጨረሻ ላይ የቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላት ልክ በመሃል ቁጭ ብሎ ይታያል። በዚያች ቀዳዳ የማኅበሩን ግቢ፣ ጣሊያንንና ቫቲካንን በአንድ ጊዜ አያችሁ ማለት ነው። አደባባዩን በ1765 የነደፈው ፒራኔዚ ነው። ቀን ላይ ሰልፍ አለው ይባላል። በዚያ ሰዓት እኛና አንድ መንገድ ጠራጊ ብቻ ነበርን። እሱም ተራውን ጠብቆ አየና ፈገግ ብሎ ወደ ሥራው ሄደ።

እዚያው አጠገብ ያለው የሳንታ ሳቢና ቤተ ክርስቲያን እስኪከፈት ብርቱካን ዛፎቹ ሥር ተቀመጥን። ወደዚህ ቤተ ክርስቲያን የምትገቡት ለበሩ ስትሉ ነው። የአምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእንጨት በር ነው፤ አሁንም አለ። ከላይ በግራ በኩል ያለችው ትንሽ ቅርጽ በዓለም ላይ ከታወቁት የስቅለት ምስሎች እጅግ ከጥንቶቹ አንዷ ናት። መስቀሉ ራሱ በጉልህ አይታይም። ሦስት ሰዎች ለጸሎት እንደቆመ ሰው እጃቸውን ዘርግተዋል። ካላንጋጠጣችሁ ታልፋችኋለች። እህቴ ሦስት ጊዜ ተመልሳ አየቻት።

ከኮረብታው ወርደን ወደ ደቡብ ስንሄድ ፒራሚድ! ሮም ውስጥ፣ ከአውቶቡስ ፌርማታ ጎን። ጋይዮስ ቼስቲዮስ የሚባል ሮማዊ ባለሥልጣን መቃብር ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ18 እስከ 12 ባሉት ዓመታት መሃል ተሠራ። ቁመቱ ወደ 36 ሜትር ይጠጋል። ላዩ ላይ ሥራው በ330 ቀን እንዳለቀ ተጽፏል።

ከፒራሚዱ ጀርባ ካቶሊክ ያልሆኑ ሰዎች የተቀበሩበት ግቢ አለ። ሮም ውስጥ ከሁሉ ዝም ያለ ቦታ የቱ ነው ብትሉኝ ይህን እላለሁ። ጽድ፣ ሣር፣ መቃብር ላይ የተኙ ድመቶች። በ1821 በ25 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ የሞተው እንግሊዛዊ ባለቅኔ ጆን ኪትስ እዚህ ነው ያረፈው። ድንጋዩ ላይ ስሙ የለም። ስሙ በውሃ ላይ የተጻፈ ሰው እዚህ አርፏል የሚል ቃል አለበት፤ እሱ ራሱ ነው እንዲህ ይጻፍልኝ ያለው። አጠገቡ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ያስታመመው ጓደኛው ተቀብሯል። ባዕድ አገር ታሞ መሞት፣ አጠገብህ አንድ ጓደኛ ብቻ። እህቴ ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገረችም። ስደተኛ ይህን ድንጋይ እንደ እኔ አያነበውም።

ምሳ ቴስታቾ ነው። ይህ ሰፈር የድሮው የሮም ቄራ ሰፈር ነው። ቄራው በ1975 ተዘግቶ ዛሬ የኪነ ጥበብ ማሳያ ሆኗል። የቄራው ሠራተኞች ከደመወዛቸው ላይ የሆድ ዕቃና ጭራ ይደርሳቸው ስለነበር፣ የሰፈሩ ምግብ ከዚያ ተወለደ። "አምስተኛው ብልት" ይሉታል። በሬው አራት ቦታ ተከፍሎ ለባለ ገንዘብ ከሄደ በኋላ የሚቀረው ማለት ነው። በቲማቲም የተሠራ ጨጓራና የበሬ ጭራ ወጥ አዘዝን። ጨጓራው ከላይ አይብ ተፈርፍሮበታል። ቅመሙ ይለያል እንጂ እጁ የእኛ ነው። ዱለትና ምላስ ሰንበር እየበላ ላደገ ሰው አስጎብኚ አያስፈልገውም። ሌሎች ቱሪስቶች ሜኑው ላይ ይህን ገጽ ያልፉታል። አትለፉት።

ከምግብ ቤቱ ጀርባ ሣር የለበሰ ኮረብታ አለ። ተራ ኮረብታ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ከላይ እስከ ታች ገል ነው። ሮማውያን የወይራ ዘይት በመርከብ ሲያስመጡ፣ አብዛኛውን ከዛሬዋ ስፔን፣ ከፊሉን ከሰሜን አፍሪካ፣ በትልልቅ ጋን ነበር የሚጫነው። አንዱ ጋን ባዶውን 30 ኪሎ ይመዝናል፣ ሲሞላ ደግሞ 70 ሊትር ያህል ይይዛል። ዘይት የጠጣ ሸክላ ይከረፋል፤ ሁለተኛ አይሞላም። ስለዚህ ወንዝ ዳር ከሚገኘው ወደብ አምጥተው እዚህ ይሰብሩታል፣ በሥርዓት ይደረድሩታል፣ ሽታውን እንዲያጠፋ ኖራ ይነሰንሱበታል። 53 ሚሊዮን ያህል ጋን እንደተሰበረ ይገመታል። ከፍታው 35 ሜትር ገደማ ደርሷል። የሚገርመው ጋኖቹ ላይ ክብደታቸው፣ የነጋዴው ስምና ቀኑ በቀለም ተጽፏል። የዛሬ ሁለት ሺህ ዓመት ደረሰኝ በሉት። የነገሥታቱ ሐውልት ያልነገረንን፣ ከተማዋ ማን ላከላትና ምን በላች የሚለውን የሚናገረው ይህ ቆሻሻ መጣያ ነው። እኔ ከኮሎሲየም በላይ ወድጄዋለሁ።

ወደ ላይ ለመውጣት አስቀድሞ ማስያዝ ያስፈልጋል። እኛ አላስያዝንም። ግን ኮረብታውን ቦርቡረው የገቡ ምግብ ቤቶች አሉ፤ የኋላ ግድግዳቸውን በመስታወት አድርገው የተደረደረውን ገል ያሳያሉ። ቡናችንን እዚያ ጠጣን።

ቀኑ አላለቀም። በኦስቲየንሴ መንገድ ወደ ደቡብ ትንሽ ሄደን ቸንትራሌ ሞንቴማርቲኒ ገባን። በ1912 የተከፈተ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነበር። በ1997 የከተማዋ ሙዚየም ቦታ ሲጠበው ሐውልቶቹን ለጊዜው እዚህ አምጥቶ ደረደራቸው፤ በዚያው ቀሩ። ጥቁር የናፍጣ ሞተር፣ የቤት ያህል የሚሆን፣ ፊት ለፊቱ ነጭ የእብነ በረድ አማልክት። አዳራሹ ውስጥ ከእኛ ሌላ ስድስት ሰው ቢኖር ነው።

ቀን ሦስት፦ ዝናብና የእኛ ስሞች

ጠዋት ዝናብ። አውቶቡስ ያዝን። ቲኬቱ 1.50 ዩሮ ነው፣ 100 ደቂቃ ይሠራል። አውቶቡሱ ውስጥ የተቀዳው ድምፅ "ፕሮሲማ ፌርማታ" ሲል ልቤ ይሞቃል። ፌርማታ፣ ፒያሳ፣ መርካቶ፣ ማኪያቶ። ከአያቶቼ አፍ የሰማሁት ቃል ሁሉ እዚህ ይንከራተታል።

መጀመሪያ የገባንበት ሳንታ ኮስታንዛ ነው። በኖሜንታና መንገድ፣ ከመሃል ከተማ ውጭ። ቆስጠንጢኖስ ንጉሥ የልጁ መቃብር እንዲሆን ከአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቆመ ነው ይባላል፤ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። እህቴ በሩን አልፋ ገባችና "ይሄማ የእኛ ነው!" አለች። ክብ ነው። መሃሉ ላይ ጉልላት፣ ጉልላቱን የተሸከሙ ሁለት ሁለት ሆነው የቆሙ አሥራ ሁለት ጥንድ ዓምዶች፣ ከዓምዶቹ ውጭ ደግሞ ዙሪያውን የሚዞር መተላለፊያ። የአገራችንን ክብ ቤተ ክርስቲያን ያየ ሰው እግሩ ራሱ ይመራዋል፤ ቅኔ ማኅሌቱ የት እንደሚሆን ይፈልጋል። ከላይ የመተላለፊያው ጣሪያ በነጭ መደብ ላይ በተሠራ ሞዛይክ ተሸፍኗል። የወይን ሐረግ፣ ወፎች፣ ወይን የሚለቅሙና የሚረግጡ ልጆች፣ በሬ የሚጎትተው ጋሪ። ዝናቡ ውጭ ይወርዳል፣ እኛ አንገታችን እስኪያመን አንጋጥጠን ዞርን። ሌላ ጎብኚ አልነበረም። አብዛኛው የሮም ቤተ ክርስቲያን እኩለ ቀን ላይ ስለሚዘጋ ጠዋት ድረሱ።

ከዚያ በእግር አሥር ደቂቃ የማይሞላ ነው፤ የአፍሪካ ሰፈር የሚሉት። ሱቅ፣ ፋርማሲ፣ ረጃጅም አፓርታማ፣ ልብስ የሚሰጣበት በረንዳ። ምንም የሚጎበኝ ነገር የለም። የሚጎበኘው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የመንገድ ስም ነው። ቪያሌ ኤርትራ። ቪያ አስመራ። ቪያ ትግሬ። ቪያ ተምቤን። ቪያ ላጎ ጣና። ቪያሌ ኢትዮጵያ። ቅኝ ግዛት የሚሹ ሰዎች ካርታቸውን በገዛ ከተማቸው ላይ ጻፉት። ዛሬ አንዲት አሮጊት ውሻዋን ይዛ በጣና ሐይቅ መንገድ ታልፋለች፤ ልጆች ቦርሳቸውን አዝለው ከተምቤን ጥግ አውቶቡስ ይጠብቃሉ።

እህቴ አንድ ነገር ነገረችኝ። ሥራ ቦታዋ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ሲዝረከረክ ባልደረቦቿ "ኬ አምባራዳን!" ይላሉ። ምን ዓይነት ትርምስ ነው ማለት ነው። ለብዙ ጊዜ እሷም እየደገመችው ኖረች። አንድ ቀን ከየት እንደመጣ ጠየቀች። ከአምባ አራዶም ነው። በፌብሩዋሪ 1936 የራስ ሙሉጌታ ጦር በቦምብና በመርዝ ጋዝ ያለቀበት ተራራ ነው፣ እንደርታ ውስጥ። "ከዚያ ወዲህ ቃሉ ከአፌ አይወጣም" አለችኝ። ባልደረቦቿን ሰብስባ ነገረቻቸው። አንዷ አለቀሰች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢሮው ውስጥ የሚለው የለም።

አመሻሹ ላይ ወደ ከተማው ስንመለስ ኮፔዴ ሰፈር ወረድን። ጂኖ ኮፔዴ የሚባል አርክቴክት ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘመን ጀምሮ በ1927 እስኪሞት የሠራበት ትንሽ ሰፈር ነው። በቅስቱ ሥር የተንጠለጠለ ትልቅ የብረት ፋኖስ አለ፤ ከዚያ ስትገቡ የእንቁራሪት ምንጭ ያለበት አደባባይ። ቤቶቹ ላይ ሸረሪት፣ ንብ፣ የሴት ፊት፣ ግንብ፣ ሁሉም ነገር አለ። ዓይን አዋጅ ይሆናል። ለፎቶ ከመጡ ልጆች በቀር ማንም የለም። ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል።

ቀን አራት፦ ጉልላቱ ላይ ሆኖ መዞር

ቃላችንን ያፈረስነው ዛሬ ብቻ ነው። የቅዱስ ጴጥሮስን ጉልላት ለመውጣት ተሰለፍን። ደረጃው 551 ነው፤ መጨረሻው ላይ ግድግዳው ራሱ ስለሚያዘም ሰውም አዘምሞ ይወጣል። ላይ ስንደርስ የሁሉም ሰው ስልክ ወደ አደባባዩ ነው። እኛ ዞረን ወደ ኋላ፣ ወደ ቫቲካን የአትክልት ቦታ አየን።

ለዚህ ነው የወጣነው። ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ከግዙፉ ግድግዳ ሥር አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ፤ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ። በ1479 ጳጳሱ ሲክስቶስ አራተኛ ለኢየሩሳሌም ተጓዥ መነኮሳቶቻችን ማረፊያ እንድትሆን ሰጣት። ከዚያ በኋላ በዚህች ጎጆ ውስጥ የሆነውን ብነግራችሁ ማመን ያስቸግራል።

ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ መነኮሳቱ በግእዝ ሲዘምሩ ሰማ። ቋንቋው ማረከው። ከእነሱ ተማረና በ1513 መዝሙረ ዳዊትን እዚሁ ሮም አሳተመ። በግእዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው። ከዚያ አባ ተስፋ ጽዮን መጡ፣ የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ፣ አገራቸው በግራኝ ጦርነት ስትታመስ የወጡ። ከሁለት መነኮሳት ጋር ሆነው በ1548 እና 1549 አዲስ ኪዳንን በግእዝ አሳተሙ። በመጽሐፉ ላይ አንባቢን ይቅርታ ይጠይቃሉ። አታሚዎቹ ፊደሉን ማንበብ አይችሉም ነበር፣ እኛም ማተም አናውቅም ነበር፣ ዕውር ዕውርን እንደሚረዳ ተረዳድተን ነውና ስህተቱን ይቅር በሉን ይላሉ። ተስፋ ጽዮን በ1552 ሞቱና በዚህችው ቤተ ክርስቲያን ተቀበሩ።

ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ ካህን። በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል ጀርመናዊ ወጣት ሮም መጥቶ አገኛቸው። ሉዶልፍ ከእሳቸው የተማረውን ይዞ በ1698 ፍራንክፈርት ላይ የመጀመሪያውን የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፍ አሳተመ። አሁን የምታነቡት ቋንቋ ወደ ማተሚያ ቤት የገባበት መንገድ በዚያች ጣሪያ ሥር ያልፋል።

ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በዛፎቹ መሃል የኢትዮጵያ ኮሌጅ ይታያል። በ1919 የተመሠረተ ነው፤ በቫቲካን ግንብ ውስጥ ያለ ብቸኛው እንዲህ ያለ ኮሌጅ። የአትክልት ቦታውን በእግር ለማየት አስቀድሞ ማስያዝ ይቻላል፤ እኛ ያሰብነው ጊዜ አልቆ ነበር። ነፋሱ ኃይለኛ ነበር፣ ሰው ከኋላ ይገፋል። እኔ ግን ከዚያች ጣሪያ ላይ ዓይኔን ማንሳት አቃተኝ። አባ ተስፋ ጽዮን ከደብረ ሊባኖስ በእግር፣ በግመል፣ በመርከብ። ፊደላችንን ይዘው።

ከሰዓት በሜትሮ ወደ ደቡብ፣ ኤኡር ወደሚባለው ሰፈር ወረድን። ካሬ ኮሎሲየም የሚሉት ሕንፃ አለ፤ ስድስት ረድፍ ቅስት ወደ ላይ፣ ዘጠኝ ወደ ጎን፣ ሁሉም ነጭ። ግንባሩ ላይ ጣሊያኖች የባለቅኔ፣ የጀግና፣ የቅዱሳን ሕዝብ ናቸው የሚል ጽሑፍ ተቀርጿል። ቃሉ የተወሰደው ሙሶሊኒ ኦክቶበር 2 ቀን 1935 ካደረገው ንግግር ነው። በማግስቱ ጦሩ መረብን ተሻገረ። ዛሬ ሕንፃው የፋሽን ድርጅት ቢሮ ነው። ለሕንፃ ፍቅር ያለው ሰው ይየው። እኔ ቶሎ መሄድ ፈለግኩ።

ቀን አምስት፦ በአበበ መንገድ

ማለዳ በሜትሮ ኤ መስመር ጁሊዮ አግሪኮላ ፌርማታ ወረድን። ከአፓርታማዎቹ ጀርባ ገላጣ ሜዳ፣ ሜዳው ላይ እስከ አድማስ የሚሄድ የድንጋይ ቅስት። የውሃ ድልድዮች መናፈሻ ነው። የቀላውዲዮስ የውሃ መስመር በ38 ዓ.ም ተጀምሮ በ52 አለቀ። ከተራራ ምንጭ ጀምሮ ወደ 69 ኪሎ ሜትር ይዘልቃል፤ አብዛኛው ከመሬት በታች። ፓምፕ የለም፣ ሞተር የለም። ተዳፋቱን እጅግ በጥንቃቄ ለክተው ውሃውን በራሱ ክብደት ከተማ አስገቡት። ሣሩ ጤዛ ነበረው፤ የሰፈሩ ሰው ውሻውን ያናፍሳል። መግቢያ ክፍያ የለም።

ሮም ዛሬም ውሃ አትከለክልም። ከ1874 ጀምሮ መንገድ ላይ የተተከሉ የብረት ቧንቧዎች አሉ፣ ወደ 2,500 ይሆናሉ፤ ቀን ከሌት ይፈሳሉ። ታችኛውን አፍ በጣታችሁ ስትደፍኑ ውሃው ከላይ ባለች ቀዳዳ ወደ አፋችሁ ይፈናጠራል። አንድ ሽማግሌ ናቸው ያሳዩን። የላስቲክ ጠርሙስ አትግዙ።

ከሰዓት ወደ አፒያ መንገድ ተሻገርን። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ312 የተጀመረ ነው። ሰፋፊ ጥቁር ድንጋዮች፣ በግራ በቀኝ ጥድና የፈረሰ መቃብር። ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 አበበ ቢቂላ በዚህ መንገድ ሮጧል። ውድድሩ የተጀመረው አመሻሽ ላይ ነው። እዚህ ሲደርስ ጨልሞ ነበር፤ ወታደሮች ዳር ቆመው በችቦ ያበሩለት ነበር። ጫማዬን አወለቅኩ። "እግርህን ትቆርጠዋለህ፣ ተው" አለች እህቴ። መቶ እርምጃ ያህል ሄድኩ። ድንጋዩ ለስላሳ ይመስላል፤ ጠርዙ ግን ስለት ነው። ቀዝቃዛም ነው። አበበ 42 ኪሎ ሜትር።

በሳን ሴባስቲያኖ በር ገብተን፣ የካራካላን መታጠቢያ ቤት በግራ ትተን ወረድን። ፖርታ ካፔና ስንደርስ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። እናትየዋ ያሉን ቦታ ይህ ነው። የአክሱም ሐውልት ከ1937 ጀምሮ እዚህ ቆሞ ነበር፤ 24 ሜትር፣ ከጣሊያን አፍሪካ ሚኒስቴር ፊት። ያ ሕንፃ ዛሬ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ነው። በ2002 መብረቅ መታው። በ2005 ሦስት ቦታ ተከፍሎ በትልቅ የጭነት አውሮፕላን ተመለሰ፤ በ2008 አክሱም ላይ ተተከለ። በእሱ ቦታ አካባቢ ዛሬ ሁለት ያረጁ ዓምዶች አሉ፤ ለሴፕቴምበር 11 ሙታን መታሰቢያ። መኪና በዙሪያው ይጮኻል። ስልኬን አውጥቼ ባዶውን ሰማይ ፎቶ አነሳሁ። ሐውልቱ የሌለበትን ሰማይ ማየት ይህን ያህል ደስ ይላል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

አበበ እዚህ ጋ ሲደርስ ነው ፍጥነት የጨመረው። ሐውልቱን ሲያልፍ አጠገቡ የነበረው የሞሮኮው ሯጭ ራዲ ብቻ ነው። ሐውልቱ ያኔ ቆሞ ነበር፤ በተዘረፈው የአገሩ ድንጋይ ሥር ተነጥሎ ወጣ። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ፣ 25 ሰከንድ ቀድሞ። የዓለም ምርጥ ሰዓት ነበር።

ከዚያ እስከ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ያለው ሳን ግሪጎሪዮ መንገድ ነው። ቀጥ ያለ፣ በዛፍ የተከበበ። ኮሎሲየምን ሊያዩ የሚሄዱ ሰዎች በጅምላ ያልፉበታል። ግድግዳው ላይ ለአበበ የተሠራ ሰሌዳ አለ፤ ድሉ ሃምሳ ዓመት ሲሞላው በ2010 የተደረገ። በስልክ መብራት አብርተን ፈለግነው። እህቴ ጣሊያንኛውን ቀስ እያለች አነበበችልኝ። አንድ ጀርመናዊ ባልና ሚስት ምን እንደምናይ ጠየቁን፤ ነገርናቸው፤ እነሱም ቆመው አነበቡ።

ቅስቱ ከሩቅ በመብራት ደምቆ ይታያል። ዘወር ስል እህቴ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ትፈታለች። ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ ቀደመችኝ።